ክር፣ መርዝ፣ ክኒን፦ ድመት በቤታችን ውስጥ የምትውጣቸው ነገሮች



የነዋሪዎች ማኅበሩ አስተባባሪዎች ለዛሬው የቅዳሜ ከሰዓት ፕሮግራም ሲጋብዙኝ፣ በቤት እንስሳት ጤና ላይ የፈለግሁትን ርእስ እንድመርጥ ፈቅደውልኛል። ከእንስሳት ሐኪም ስለ ክትባት ወይም ስለ ላምና በግ መስማት የምትጠብቁ ትኖራላችሁ። እኔ የመረጥሁት ድመትን ነው፤ በተለይም ድመት ከቤታችን ሳትወጣ የምትውጣቸውንና የሚገድሏትን ነገሮች። ይህን የመረጥሁት ወደ ክሊኒክ ዘግይተው ከሚመጡ ድመቶች ብዙዎቹ በአንድ የቤት ዕቃ ምክንያት የታመሙ ስለሆኑ ነው። ባለቤቶቻቸው የሚወዷቸው፣ ለሕክምና ገንዘባቸውን የማይሰስቱ ሰዎች ናቸው። የጎደላቸው እውቀቱ ብቻ ነበር።

ዛሬ ደጋግሜ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። የድመት አካል ከእኛም ከውሻም ይለያል፤ ምላሷ ሌላ ነው፣ ጉበቷም ሌላ ነው። ለእኛ መድኃኒት የሆነው ለእሷ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ውሻ በልቶት የሚያድረው ነገር እሷን በሁለት ቀን ይገድላታል። ይህን ከያዛችሁልኝ ሌላው ሁሉ ይከተላል። መጀመሪያ ስለ ክር፣ ቀጥዬ ስለ አይጥ መርዝ፣ ከዚያ ስለ መድኃኒትና ስለ ወጥ ቤታችን እናገራለሁ። በመጨረሻም ድመቷ አንድ ነገር ውጣ ስትገኝ ምን እንደሚደረግ እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ ከክር እንጀምር።

ያለነው ሽሮ ሜዳ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ራሱ ሸማኔ ያልሆነ ሸማኔ ጎረቤት አለው፤ በቤቱ ጥልፍ የማይጠለፍ ከሆነ ደግሞ እኅቱ ወይም ልጁ ዳንቴል ትሠራለች። ልቃቂቱ፣ ድርና ማጉ፣ መርፌው፣ የሚያብረቀርቀው የጥለት ክር የዚህ ሰፈር እንጀራ ነው። ለድመት ግን ከቤት ዕቃ ሁሉ ክርን ያህል አደገኛ የሆነ ጥቂት ነው።

የድመት ምላስ ነክቷችሁ ከሆነ እንደሚሻክር ታውቃላችሁ። የሚያሻክረው በላዩ የበቀሉት ጥቃቅን እሾሆች ናቸው። የተሠሩት የእኛ ጥፍር ከተሠራበት ነገር ነው፤ ጫፋቸውም ሁሉ ወደ ጉሮሮዋ የዞረ ነው። ጠጉሯን የምታበጥረው፣ ከአጥንት ላይ ሥጋ የምትፍቀው በእነሱ ነው። ክር እነዚያ እሾሆች ላይ አንዴ ከተያዘ መልሳ ለመትፋት ይቸግራታል፤ ምላሷን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ክሩ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ድመት ክር የምትውጠው ርቧት ላይሆን ይችላል። መሬት ለመሬት የሚሳብ ነገር ስታይ ታሳድደዋለች፣ ትይዘዋለች፣ ትነክሰዋለች፤ ከዚያ በኋላ ማቆሙ በእጇ አይደለም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባል የለ? ጠግባ የዋለች፣ አልጋ ላይ የምታድር ድመት እንኳ የተንጠለጠለ ክር ካየች ትዘልበታለች።

አሁን የምነግራችሁ ከባድ ነው፤ ግን ልታውቁት ይገባል። የተዋጠው ክር አንዱ ጫፍ ብዙ ጊዜ ከምላሷ ሥር ይጠመጠማል፤ መርፌ ወይም ቋጠሮ ያለበት ከሆነ ደግሞ የጨጓራዋ መውጫ ላይ ይሰነቀራል። ሌላው ጫፍ ከምግብ ጋር ወደ አንጀቷ ይወርዳል። አንጀት የገባለትን ሁሉ ወደ ታች ይገፋል፤ ክሩ ግን ከላይ ስለታሰረ አይወርድለትም። ያን ጊዜ አንጀቱ ራሱ በክሩ ላይ ይሰበሰባል፤ የቦላሌ ማሰሪያ ክር ሲሳብ ወገቡ እንደሚሸበሸብ ማለት ነው። የተወጠረው ክር አንጀቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግድግዳውን ይገዘግዘዋል፤ ካልተደረሰላትም ይበሳዋል። በአንጀት ውስጥ ያለው ቆሻሻ ወደ ሆድ ዕቃዋ ከፈሰሰ በኋላ ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ምልክቱ ምንድን ነው? ደጋግማ ታስመልሳለች፤ ምግብ እምቢ ትላለች፤ አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ትደበቃለች፤ ሆዷን ስትነኳት ትቆጣለች። ክር ራሱ በራጅ አይታይም። የሚታየው የተሸበሸበው አንጀት፣ ካለም መርፌው ነው። ስለዚህ ሐኪሙ አፏን ከፍቶ ምላሷን ወደ ላይ አንሥቶ ሥሩን ያያል። እናንተም «ክር የጠፋብኝ ይመስለኛል» ካላችሁት ግማሹን ሥራ ሠራችሁለት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ከድመት አፍ ወይም ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ብታዩ አትሳቡት። እጅ ወዲያው ወደ መሳብ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ደግ የምንሠራ ይመስለናል። ሌላው ጫፍ የት እንደታሰረ ግን ማናችንም አናይም፤ ሲሳብ ያ የተወጠረ ክር አንጀቷን ሊቆርጠው ይችላል። እንዳለ ትታችሁ ወደ ሐኪም ውሰዷት። አትሳቡት! ልጆች፣ እናንተም ይህን ለእናቶቻችሁ ንገሩ።

ክር ስል የሸማና የጥልፍ ክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሹራብ ክር፣ የስጦታ መጠቅለያ ሪባን፣ የገና ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለው የሚያብረቀርቅ ጌጥ፣ የጸጉር ላስቲክ፣ ብር የሚታሰርበት ጎማ፣ ሥጋ የታሰረበት ሲባጎ፣ ሁሉም ያው ናቸው። ከሥጋ ቤት የመጣ ፌስታልም እንደዚሁ ነው፤ የደምና የጮማ ሽታ ስላለው ድመት ትልሰዋለች፣ ትቀደዋለች፣ እየቀደደች ትውጠዋለች። ሥጋውን ካወጣችሁ በኋላ ፌስታሉን ክዳን ባለው የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ክተቱት።

መፍትሔው እዚሁ ቤታችን አለ። እናቶቻችን ፈትላቸውን በሙዳይ ሲያስቀምጡ ክዳኑን ይገጥሙበት ነበር፤ ልቃቂቱ ዛሬም በሙዳይ ወይም በብስኩት ቆርቆሮ ይቀመጥ። ክር ያለበትን መርፌ ሶፋ ላይ ወይም መጋረጃ ላይ ሰክቶ የመተውን ልማድ እንተው። የሽመና ዕቃው ያለበት ክፍል ማታ በሩ ይዘጋ። በር የሌለው ከሆነ ደግሞ ቁርጥራጩ ክር ከመተኛታችሁ በፊት ይጠረግ፤ ድመት የምትጫወተው እኛ ስንተኛ ነውና።

ሁለተኛው የአይጥ መርዝ ነው። እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር፤ ብዙዎቻችን ድመት የምናሳድገው አይጥ እንድትይዝልን ነው። እሷ እያለች በዚያው ቤት መርዝ ማስቀመጥ አይጡንም እሷንም መግደል ነው። መርዙን በቀጥታ ባትበላው እንኳ የበላውን አይጥ ትበላለች። የተመረዘ አይጥ ደግሞ ይደክማል፣ ይዘገያል፣ በቀን ብርሃን ይወጣል፤ እሱን መያዝ ለድመት ቀላል ነው።

መርዞቹ ሁለት ዋና ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም በተቀባ እህል ወይም በሞራ መልክ የሚሸጠው ነው። ይህ ሰውነት በቫይታሚን ኬ አማካይነት ደም የሚያረጋበትን ሥራ ያስቆማል። ድመቷ በበላችበት ቀን ምንም አትሆንም፤ በሚቀጥለውም ቀን ደህና ናት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ድዷ ይነጣል፣ ትደክማለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ በደረቷ ወይም በሆዷ ውስጥ እየደማች ነው። ያን ጊዜ ባለቤቷ መርዙን ረስቶታል፤ «ምን ነካት?» እያለ ይመጣል። የሚያሳዝነው ይህ መርዝ መድኃኒት ያለው መሆኑ ነው። ቫይታሚን ኬ1 በጊዜ ተጀምሮ ለሳምንታት ሳይቋረጥ ከተሰጣት ትድናለች።

ሁለተኛው ግራጫ ወይም ጥቁር ዱቄት ነው፤ ስሙ ዚንክ ፎስፋይድ ይባላል፤ ከምግብ ጋር ተለውሶ ይቀመጣል። ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛም ጋዝ ያወጣል። ድመቷን በሰዓታት ውስጥ ሊገድላት ይችላል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው ሰውነቷን መደገፍ ብቻ ነው። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ያለው ትውከት ካያችሁ መስኮቱን ክፈቱ፣ ከትውከቱ ራቁ፣ ልጆቹንም አርቁ፤ ጋዙ ሰውንም ይጎዳልና። ነቀዝ እንዳይበላው እህል ውስጥ የሚገባው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒንም የሚያወጣው ያንኑ ጋዝ ነው። ሰው በሚተኛበት ክፍል እንዲህ ያለ እህል ማስቀመጥ ለድመት ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡም ሞት ነው።

በወረቀት ተጠቅልሎ ስም ሳይጻፍበት የሚሸጠውን ዱቄት በተለይ አትግዙ። ስሙ ያልታወቀ መርዝ ለበላች ድመት ሐኪም ምን ይሰጣታል? ጤፉን፣ ዱቄቱን፣ ሽሮውን በሚገጠም ዕቃ አስቀምጡ፤ የግድግዳውን ቀዳዳ በሲሚንቶ ድፈኑ፤ ወጥመድ አኑሩ። ቀሪውን ለድመቷ ተዉላት።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ድመቷን የሚገድላት የባለቤቷ ርኅራኄ ነው። ድመቷ ታነክሳለች፣ ወይም ትኩሳት ያላት ይመስላል፤ ባለቤቷ ለልጁ እንደሚያደርገው ፓራሲታሞል ሰብሮ ይሰጣታል። የእኛ ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያከሽፍበት ዋና መንገድ አለው። የድመት ጉበት ያ መንገድ እጅግ የደከመ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ መርዝ ይለወጥና ደሟን ኦክስጅን መሸከም ያሳጣዋል። ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፤ ፊቷና መዳፏ ያብጣሉ፤ ትንፋሿ ይፈጥናል።

መጠኑን ላስረዳችሁ። ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ግራም ብቻ ወስደው የተመረዙ ድመቶች አሉ። ድመታችሁ 4 ኪሎ ብትሆን 40 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ ሁላችንም በቤት ያለን ክኒን 500 ሚሊ ግራም ነው። ከአንድ ክኒን አንድ አሥረኛው እንኳ አይሞላም! ሙሉ ክኒን ከሰጣችኋት ልትሞት ትችላለች። አሲቲልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለው፤ የሚጠቅማት ግን ቶሎ ከደረሰላት ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ኩላሊቷንና ጨጓራዋን ይጎዳሉ። የሚቀባውም ቢሆን አያስተማምንም፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ባለቤቶቻቸው ለሕመም በሚቀቡት የፍሉርቢፕሮፌን ቅባት ምክንያት ድመቶች ታመው መሞታቸውን አስታውቆ ነበር። ጉልበታችሁን ወይም ጀርባችሁን ተቀብታችሁ ድመት አትቀፉ፤ እጃችሁንም ታጠቡ።

ከዚሁ ጋር ለውሻ ቁንጫ የሚንጠባጠበውን ፐርሜትሪን ያለበትን መድኃኒት ድመት ላይ አታድርጉ። ትልሰዋለች፣ በቆዳዋም ይገባል፤ ከዚያ ትንቀጠቀጣለች፣ ትወራጫለች። «ለውሻ» ተብሎ የተጻፈ ሁሉ ለውሻ ነው።

ወደ ወጥ ቤት እንግባ። ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የለንም፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ግራም ገደማ ቀይ ሽንኩርት ድመትን ለመጉዳት ይበቃል፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ማብሰልም ማድረቅም መርዙን አያጠፋውም። በጾም ወራት የምናደርገውን አስቡት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ቤቱ ሲጾም ድመቷም አብራ ትጾማለች፣ የሚቀርብላት የሽሮ ፍትፍት ነው። ምጥን ሽሮ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ተፈጭቶ ገብቷል፤ ወጡም በቀይ ሽንኩርት ቁሌት ተሠርቷል። አንድ ቀን ስትቀምሰው ምንም ላትሆን ትችላለች፤ በየቀኑ ስትበላው ግን ደሟ እያለቀ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል እንስሳ ናት፤ ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባለው ነገር ከእህልና ከጥራጥሬ አይገኝም። ጾሙ የእኛ ነው፤ ለእሷ ቁራጭ ሥጋ፣ አንጀት ወይም ሳንባ ቀቅሉላት። በፍስክም ቢሆን ድርሻዋን ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት አውጡላት። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቃልና አትስጧት።

የጽዳት ዕቃዎችን ባጭሩ ልጥቀስ። ድመት በረኪና ወይም ዴቶል ጠርሙስ ከፍታ አትጠጣም፤ በተወለወለው እርጥብ ወለል ላይ ተራምዳ መዳፏን ትልሳለች። ወለሉ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ እስኪደርቅም በሩ ይዘጋ። በልብስ መካከል የምናስቀምጠው ናፍታሊንም መርዝ ነው፤ እሷ ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ መተኛት ትወዳለች። ከአሻንጉሊትና ከሰዓት የሚወጡት ትንንሽ ክብ ባትሪዎች ጉሮሮ ላይ ቢቀሩ በሰዓታት ውስጥ ያቃጥሉታል፤ ይህ ለሕፃናትም ያው ነው።

አበባን ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። ሊሊ የሚባለው፣ በሠርግና በልደት እቅፍ አበባ ውስጥ የሚገባው ሰፊ አበባ፣ ለድመት ኩላሊት ከሚታወቁት መርዞች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ቅጠሉ፣ ግንዱ፣ አበባው፣ የአበባው ብናኝ፣ የቆመበት ውሃ ሳይቀር ሁሉም መርዝ ነው። ብናኙ ጠጉሯ ላይ ቢራገፍና ብትልሰው እንኳ ኩላሊቷ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ከ18 ሰዓት በፊት በደም ሥሯ ፈሳሽ ማግኘት ከጀመረች የመዳን ተስፋዋ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይቀንሳል። ጽጌረዳ አይመርዛትም። ድመት ወዳለበት ቤት አበባ ስትወስዱ ሊሊ የሌለበትን ምረጡ። በአጥር የምንተክለው ቅንጭብም ወተቱ አፏንና ዓይኗን ያቃጥላል፤ ሲቆረጥ ከአካባቢው አርቋት።

እንግዲህ ውጣ ስትገኝ ምን እናድርግ?

ወተት አታጠጧት። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለው እምነት በየቤቱ አለ፤ ወተት ግን የእነዚህን መርዞች አንዱንም አያረክስም። ዘይት፣ ጥሬ እንቁላል፣ የጨው ውሃም አትጋቷት። ጨው ራሱ ይመርዛታል፤ በግድ የተጋተችው ደግሞ ወደ ሳንባዋ ይገባል። እንድታስመልስ አታስገድዷት፤ በረኪና ወይም ባትሪ ከሆነ ሲመለስ ሁለተኛ ያቃጥላታል። የቀረውን መርዝ፣ የክኒኑን ማሸጊያ ወይም የአበባውን ቅጠል ይዛችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ አስታውሳችሁ፣ ቀጥታ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። ቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ በከተማችንም የግል ክሊኒኮች አሉ። የአንዱን ስልክ ዛሬ መዝግቡ፤ ድመቷ ስታቃስት ለመፈለግ ጊዜ አይኖራችሁም።

ከድመቷ በፊት የእናንተ ሕይወት ይቀድማልና ይህን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ምራቋ የሚዝረከረክ፣ ጠባይዋ የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የምትናከስ ድመት አፍ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ። ጉሮሮዋ ላይ አጥንት የተሰካ ይመስላችኋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ድመትም ታስተላልፋለች። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡትና ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ነገ አትበሉ። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ድመት አጥር አታውቅም፤ የእኔ ድመት ቀኑን እናንተ ግቢ ውላ ትመጣለች፣ የእናንተም እኔ ዘንድ። ስለዚህ በቤታችሁ የአይጥ መርዝ ለማስቀመጥ ግድ የሆነባችሁ እንደሆነ፣ ከማስቀመጣችሁ በፊት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና ንገሩት፤ የመርዙንም ስም ጨምራችሁ። የማኅበሩ አስተባባሪዎችም ይህን በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ አንሥተው የሰፈሩ ስምምነት እንዲያደርጉት እጠይቃለሁ።

 አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።